ከአሥሩ ስምንቱ

ኤኪዶር በረባሶውን ከእግሩ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ፣ ሶሉ የወፈረ፣ ጠፍሩ እዚህም እዚያም የተጠገነ በረባሶ ነው። የሒሳብ መምህሩን በባዶ እግሩ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማየት የማያስደስተው ተማሪ በቱርካና ምድር ገና አልተወለደም።

«ቲቸር ዛሬ እንደ አባባ ሎፔዮክ ጫማ ሊጥልልን ነው!» አለ ኤታቦ ከመጨረሻው ወንበር። ኤታቦ ተኝቶም እንኳ አፉ የሚያርፍ የማይመስል ልጅ ነው። «ቲቸር፣ እስቲ ለእኔ ጣልልኝ፤ ፈተናውን አልፋለሁ ወይስ ተመልሼ ፍየል እጠብቃለሁ?»

«አንተንማ ፍየሎቹም አይፈልጉህም» አለው ኤኪዶር።

በመንደሩ ጫማ የሚጥሉት ሽማግሌው ሎፔዮክ ናቸው። ጎረምሶች ከተራራው ማዶ ካሉት ጠላቶች ከብት ሊነዱ ሲነሱ መጀመሪያ የሚሄዱት እሳቸው ዘንድ ነው። ሽማግሌው ጥንድ በረባሷቸውን ወደ ላይ ይወረውሩታል። ሁለቱም ጠፍራቸው ወደ ሰማይ ሆኖ ካረፉ መንገዱ ክፍት ነው፤ አንዱ እንኳ ከተገለበጠ ሁሉም ወደ ቤቱ። በዚህ የተከራከረ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ታይቶ አይታወቅም።

ኤኪዶር ያንን ጫማ ከልቡ ይጠላዋል። አብረውት የተማሩ ሁለት ጓደኞቹ «መንገዱ ክፍት ነው» በተባለበት ቀን፣ በየተራቸው ሄደው በዚያው ቀርተዋል። አሁን ደግሞ የሚፈራው ለታናሽ ወንድሙ ነው። ሎሲኬ ልጅነቱን ሙሉ ፍየል ሲጠብቅ ኖሮ ኤኪዶር አባታቸውን ለምኖ፣ ተጣልቶ፣ አኩርፎ ነው ትምህርት ቤት ያስገባው። ይኸው አሁን ጢም አውጥቶ ከልጆች መሃል ረጅም እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ኤኪዶር ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ልጅ ጥይት ሳይቀድመው ፈተናው ላይ እንዲደርስ ነው። የዛሬውን ትምህርት ሆን ብሎ በጫማ የጀመረውም ለዚሁ ነው።

«ሳንቲም ሁለት ፊት አለው፤ ሁለቱም እኩል ነው ብለን እንገምታለን» አለ። «የጫማ ፊትና ጀርባ ግን እኩል አይደለም። ታዲያ ይሆናልነቱን እንዴት እናውቃለን? እንወረውራለን፣ እንቆጥራለን። የፈለግነው የመጣበትን ለጠቅላላው ውርወራ እናካፍላለን። ብዙ በወረወርን ቁጥር ግምታችን ወደ እውነቱ ይጠጋል። በሉ፣ ማን ይጀምር?»

ተሻሙበት። አቧራው ጣሪያ ነካ። አንዱ ጫማ ግድግዳ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ሲቆም ኤታቦ «ይሄ አልነቃም፤ ይደገም!» ብሎ ጮኸና ክፍሉን አሳቀው። አባባሉ የሎፔዮክ ነው። የወደቀው ነገር ካልጣማቸው «ጫማው አልነቃም» ይሉና አንስተው እንደገና ይጥላሉ።

«እዚህ ክፍል ውስጥ ያልነቃ ጫማ የለም» አለ ኤኪዶር። «የተወረወረ ሁሉ ይቆጠራል። የፈለጉት እስኪመጣ እየወረወሩ ያልፈለጉትን መተው ሒሳብ አይደለም፣ ማጭበርበር ነው።»

ቆጥረው ሲያካፍሉት ጥንዱ በሶሉ ያረፈው ከግማሽ ጥቂት ከፍ ይል ነበር። «አያችሁ?» አለ። «ጫማው ስለ መንገድ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። ሶሉ ይከብዳል፤ በሶሉ ይወድቃል። አለቀ።» ልጆቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አይቶ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ያኔ ሎሲኬ እጁን አወጣ። በሒሳብ ሰነፍ ስለነበር እጁን ያወጣበት ቀን አይታወስም።

«ቲቸር» አለ፤ ክፍል ውስጥ ወንድሜ አይለውም፣ ያፍራል። «ይሄ ነገር ለዘመቻም ይሠራል? እኔ የማስታውሳቸው ዘመቻዎች አሥር ናቸው። በስምንቱ ልጆቻችን ከብት እየነዱ በሰላም ገቡ። በሁለቱ ተመቱ። ስለዚህ በሰላም የመመለስ ይሆናልነቱ ከአሥሩ ስምንቱ ነው ማለት ነው?»

መምህር የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ የደነዘ የመሰለው ልጅ ድንገት ሲገባው የሚሰማ ደስታ አለ፣ ሰውን ያሞኛል። ኤኪዶር ጠመኔውን አንስቶ ስምንትን በላይ፣ አሥርን በታች አድርጎ በትልቁ ጻፈው።

«ልክ ነህ!» አለ። «ልክ ነህ ሎሲኬ! አጨብጭቡለት።»

ጭብጨባው ሲያበቃ ስለቀሩት ሁለቱ ሊናገር ነበር። ከአሥር ሁለቱ ማለት ሬሳ ማለት ነው፣ እንዲህ ባለ ቁጥር ሕይወቱን የሚያስይዝ ሰው ጤነኛ አይደለም ሊል ነበር። ተኩሱ ቀደመው።

ከደረቁ ወንዝ በኩል ነው የመጣው። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ እንደ በቆሎ ፈንዲሻ ተንጣጣ። ተማሪዎቹ በበርም በመስኮትም ፈሰሱ። ኤኪዶር በረባሶውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ በባዶ እግሩ ሮጠ።

በዚህ ወቅት ውኃ የሚገኘው የወንዙን አሸዋ ወደ ታች በመቆፈር ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ እየቆሙ በባልዲ እየተቀባበሉ ያወጡታል። ጠላቶቹ የመጡት ፍየሉና ግመሉ ሁሉ ውኃ ዳር በተሰበሰበበት፣ ወንዶቹ ጉድጓድ ውስጥ ባሉበት ሰዓት ነበር። የሮጠውን በጀርባው መቱት። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ቁልቁል ተኮሱ። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ወዴት ይሮጣል? ወዴትም።

ኤኪዶር ሲደርስ መንጋው ተነድቶ ሄዷል። ገንዳው ውስጥ የቀረው ውኃ ቀልቷል፤ አንዲት ግልገል ጎንበስ ብላ ትጠጣው ነበር። ሎሲኬ ቀድሞት ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። አባታቸውን ኤሬንግን በብብታቸው ይዞ ወደ ላይ ሲገፋቸው፣ ኤኪዶር ከላይ በእጃቸው ሲስባቸው፣ ክንዳቸው በደም እየተንሸራተተ ሁለት ጊዜ አመለጠው። ሲያወጧቸው ግማሽ መንጋጋቸው የለም። እናታቸው መጥታ የለበሰችውን ቁርበት ከትከሻዋ አውልቃ ፊታቸውን ሸፈነችው። አላለቀሰችም። ሎሲኬን ቀና ብላ አየችው፣ ቀጥላ ኤኪዶርን አየችው።

«ይሄኛውን ያዝልኝ» አለችው ኤኪዶርን። «አባትህን ወስደውብኛል። ይሄኛውን ያዝልኝ።»

እኩለ ቀን ሳይሞላ ወንዶቹ ሁሉ ከትልቁ ግራር ሥር ነበሩ። ሽማግሌዎቹ በየበርጩማቸው ተቀምጠዋል። ጎረምሶቹ ክላሻቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ከእነሱ መሃል ኤኪዶር ያስተማራቸው ብዙ ነበሩ። ዓይናቸው ደም ለብሷል። ሎፔዮክ ሸምገል ያሉ፣ ቀጫጫ፣ ትንባሆ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ጫማቸውን አወለቁና ምራቃቸውን እንትፍ ብለውበት ወረወሩት።

አንዱ ተገለበጠ።

ጎረምሶቹ አጉረመረሙ። ሽማግሌው አንስተው ደገሙት። አሁንም አንዱ ተገለበጠ። ሦስተኛው ውርወራ ላይ ግን ጥንዱ በሶሉ ጸጥ ብሎ አረፈ፤ ሁለቱም ጠፍሮች ወደ ሰማይ። «ክፍት ነው!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ሎፔዮክ ጫማውን ለቀም አደረጉት።

«አልነቃም» አሉ። ወረወሩት። ተገለበጠ። «በቃ። ዛሬ ማንም አይሄድም።»

ሎሲኬ ክላሽ አንግቶ ወደ መሃል ገባ። የአባቱ ደም ክርኑ ድረስ ደርቆበታል።

«አባባ፣ ክፍት ነው ብሎ ነበር። ሁላችንም አይተናል።»

«ተቀመጥ ልጄ።»

«አልቀመጥም! የተወረወረ ሁሉ ይቆጠራል! የፈለጉት እስኪመጣ መወርወር ማጭበርበር ነው ተብለን ተምረናል። እርስዎ ሸምግለዋል፤ ፈርተዋል፤ ስለዚህ ጫማው አይነቃም! እኛ ግን የቆጠርነው አለ። ከአሥር ዘመቻ ስምንቱ በሰላም ገብቷል። ከአሥሩ ስምንቱ! ሰሌዳው ላይ አለ፤ ያላመነ ሄዶ ይይ!»

«ቲቸር ራሱ ልክ ነህ ብሎታል!» ብሎ ጮኸ ኤታቦ።

የሎፔዮክ ልጅ ዘሎ ሎሲኬን በዱላ ጭንቅላቱን አለው። ሎሲኬ ወድቆ ተነሳና የሰውየውን አንገት ያዘ። በአንድ አፍታ ግራሩ ሥር ዱላ፣ ቡጢና ጥርስ ሆነ። ሽማግሌዎች በበርጩማ ይማታሉ፤ የወንድም ልጅ ከአጎቱ ተያይዟል። ኤኪዶር ግርግሩን ሰንጥቆ ገብቶ የሎሲኬን ክላሽ አፈሙዙን ያዘ።

«አትሄድም!»

«ልቀቅ ወንድሜ።»

«የክፍል ትምህርት ነው እኮ ያልኩት! ምሳሌ ነው!»

«ልክ ነህ አላልከኝም?»

«ብያለሁ፣ ግን...»

«እንግዲህ ለክፍል ብቻ ልክ የሚሆን፣ ደጅ ሲወጣ ውሸት የሚሆን ሒሳብ አለ? እሱን መጀመሪያ ንገረኝ!»

ኤኪዶር አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ያውቃል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አልያዘውም። መሣሪያውን ግን አልለቀቀም። ሎሲኬ ሰደፉን አዙሮ አፉ ላይ መታው። የፊት ጥርሱ ሲሰበር የተሰማውን ድምፅ ኤኪዶር ከራሱ አፍ የወጣ አልመሰለውም፤ ተንበርክኮ ደም ሲተፋ ቀና ቢል፣ ጎረምሶቹ በወንድሙ መሪነት ወደ ተራራው ሲሮጡ ጀርባቸውን አየ። ኤታቦ እየዘፈነ ነበር።

ሎፔዮክ ውኃ በቅል ይዘውለት መጡና አጠገቡ ቁጢጥ አሉ።

«ተጉመጥመጥ» አሉት። «ልጄ፣ እነዚያ የቆጠራችኋቸው አሥር ዘመቻዎች ማን ሂዱ ያላቸው ናቸው?»

«ጫማዎት» አለ ኤኪዶር በተቆጣ፣ ባበጠ አፍ።

«ጫማ ምን ያውቃል? በሶሉ ይወድቃል፣ አንተም ታውቃለህ። እኔ ከመጣሌ በፊት ማር ሊሸጡ ተራራውን የሚያቋርጡትን ሴቶች እጠይቃለሁ፤ እረኞቹን እጠይቃለሁ። መንገዱ ባዶ ነው ሲሉኝ ጥንዱ በሶሉ እስኪያርፍ እጥላለሁ። ጠላት አድፍጧል ሲሉኝ ጫማው አይነቃም። ሁለት ጊዜ የነገሩኝ ስህተት ነበር፤ የእነዚያ ልጆች እናቶች ዛሬም ሰላም አይሉኝም። ከተኩሱ በኋላ አንዲት ማር ሻጭ ከገደሉ ወርዳ መጥታ ነበር። ገደሉ የሚጠብበት ላይ፣ ከሁለቱም በኩል፣ ጠላቶቹ ድንጋይ ከምረው ተኝተዋል አለችኝ። ፍየሎቹን ቀስ ብለው የሚነዷቸው እንድንከተላቸው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ለምን እዚያው ፊታቸው...»

«እዚያ ጠላት ይጠብቅሃል ብትለው የሚቀር ጎረምሳ አይተሃል?» አሉ ሎፔዮክ። «ፈራ እንዳይባል ከሁሉ ቀድሞ ይሮጣል። ጫማው ሲከለክለው ግን ማንም ፈሪ አይለውም፤ አንገቱን ሳይደፋ እቤቱ ይገባል። እኔ ሃምሳ ዓመት የጣልኩት ለዚህ ነው። በጫማው እንዳትስቅ ብዬ ለአንተ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩህም።»

ኤኪዶር ክው አለ። ሒሳቡ አሁን ተገለጠለት። ሎሲኬ የቆጠረው የተሄደበትን ብቻ ነው፤ የተሄደበት ሁሉ ደግሞ ሽማግሌው መርምረው የመረጡት ነው። ጫማው ያልነቃባቸው ቀኖች፣ ልጆቹ እያጉረመረሙ እቤታቸው የገቡባቸው፣ የትም አልተቆጠሩም። እንደ ዛሬ ያለው፣ ጫማው የከለከለው ቀን ከአሥሩ ውስጥ የለም። እሱ ግን በትልቁ ጽፎ አስጨብጭቦለታል።

እናቱ ከሩቅ ቆማ ታየው ነበር። ተነስቶ ሮጠ።

ድንጋዩ እንደ ምጣድ ግሏል። የግራር እሾህ ተረከዙ ውስጥ ገብቶ ሲሰበር ቆሞ ለመንቀል እንኳ አላሰበም። «ሎሲኬ!» እያለ ይጮሃል፤ የተሰበረ ጥርሱ መሃል ነፋስ ሲገባ ሕመሙ ዓይኑን ያጨልመዋል። እየሮጠ ራሱን ይሰድባል፤ የሚያውቀውን ስድብ ጨርሶ መልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ የፍየል ድምፅ ሰማ። የጎረምሶቹን ፉጨት ሰማ፤ ፍየላቸውን አግኝተዋል። ሊጮህ አፉን ሲከፍት ገደሉ በሙሉ ተኮሰ።

መጀመሪያ የወደቀው ኤታቦ ነው። ጥይቱ ጉሮሮውን ከፍቶት በሁለት እጁ ይዞ ሊናገር ይታገል ነበር፤ ያ አርፎ የማያውቅ አፍ ደም ብቻ አወጣ። ፍየሎቹ በሬሳው ላይ ዘለው ሸሹ። ጥይቱ ከላይ ከሁለቱም በኩል ይወርዳል፤ ልጆቹ የሚተኩሱበትን እንኳ አያዩም። አንዱ ተማሪው፣ ሁልጊዜ ፊት ወንበር የሚቀመጠው፣ አንጀቱን በክንዱ አቅፎ ወደ ኤኪዶር እየተንፏቀቀ «ቲቸር፣ ቲቸር» ይላል። ኤኪዶር እግሩን ይዞ ወደ ድንጋይ ጥግ ሲጎትተው መሃል መንገድ ላይ ዝም አለ።

ከዚያ ጠላቶቹ የቀረውን ለመጨረስ ወረዱ። አንድ ጎረምሳ ኤኪዶር ላይ ዘሎ ወደቀ፤ የእጅ አንጓው ላይ የታሰረው ክብ ስለት ጆሮውን ይዞት ሄደ። ኤኪዶር እጁ ያገኘውን ድንጋይ አንስቶ ግንባሩን መታው። ደገመው። የልጁ እጅ ሲዝልም መታው። ያ ፊት ፊት መሆኑ እስኪቀር ድረስ መታውና ሲያቆም የራሱን ጩኸት ሰማ። የገደለው ልጅ ጢም እንኳ አላወጣም ነበር። የት እንደሚማር፣ ይማር እንደሆነም አያውቅም። ድንጋዩን ጥሎ በሆዱ እየተሳበ ሄደ።

ሎሲኬን ያገኘው ከአንድ አለት ሥር ተደግፎ ነው። ክላሹ ባዶ ሆኖ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። ደረቱ ላይ የገባው ቀዳዳ ትንሽ ነው፤ በጀርባው የወጣበት ግን የኤኪዶር መዳፍ አይደፍነውም። ሸሚዙን ቀዶ ጎሰጎሰበት። ወዲያው ራሰ።

«ወንድሜ» አለ ሎሲኬ። «ጥርስህን ሰብሬብህ...»

«ዝም በል። እወስድሃለሁ። እናታችን ትጠብቅሃለች።»

«እነኤታቦስ?»

ኤኪዶር ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ሎሲኬ ገባው። ከንፈሩ ላይ ቀይ አረፋ ይወጣና ይገባል። ገደሉ ውስጥ አልፎ አልፎ አንዳንድ ጥይት ይሰማል፤ የቆሰሉትን እየጨረሷቸው ነው። ሎሲኬ ግንባሩን ቋጠረ፤ ሰሌዳ ፊት ወጥቶ ስሌት ሲጠፋው የሚያደርገው ነው።

«ከአሥሩ ስምንቱ ነበር ያልነው» አለ።

«አዎ።»

«ታዲያ እኔ ከሁለቱ ሆንኩ ማለት ነው።» ትንፋሹን ለመሳብ ቆየ። «ወይስ... ስሌቴን ተሳሳትኩ? እኔ ነኝ ይዣቸው የመጣሁት። ልጆቹን ሁሉ። ንገረኝ፤ ተሳስቼ ነው?»

ኤኪዶር እውነቱን ያውቀዋል። ስሌቱ የተሳሳተ ነው፣ ያጸደቀለትም እሱ ራሱ ነው። ይህን ቢነግረው ልጁ የጓደኞቹን ደም ሁሉ በራሱ ላይ አድርጎ ነው የሚሞተው። የወንድሙን ራስ ጭኑ ላይ አስተኛና ደም ያላቆሸሸውን የእጁን ጀርባ ፈልጎ ግንባሩን ዳበሰው።

«አልተሳሳትክም» አለ። «ቆጥረሃል፣ አካፍለሃል። ከሁለቱ መሆን የዕድል ነገር ነው እንጂ የስሌት ጥፋት አይደለም።»

የሎሲኬ ግንባር ተፈታ። ያን ጠዋት ክፍሉ ሲያጨበጭብለት የነበረው ፊት፣ ያ ያፈረ ፈገግታ፣ ለአፍታ ተመለሰ።

«ልክ ነኝ በለኛ» አለ።

ኤኪዶር በአንድ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ «ልክ ነህ» አለው።